ወንድሜ ጋሽ ቁም

ወንድሜን ስፖርተኞቹ ሁሉ «ጋሽ ቁም» ነበር የሚሉት። ፊቱ ላይ ማንም አይለውም፣ ግን ያውቃል። ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። የሻሞላ፣ በቀጭን ሰይፍ የሚገጠምበት ስፖርት፣ አሰልጣኝ ነበር፤ ሻሞላ ይዞ የሚንደረደረውን ሁሉ መሀል ላይ «ቁም» ይለዋል። ሰውየው እንዳለ ደርቆ ይቆማል። ወንድሜ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ይዞረዋል፤ ጉልበቱን ያያል፣ ተረከዙን በጫማው ጫፍ ነካ ያደርጋል፣ የተነሳ ትከሻ ካገኘ በአንድ ጣቱ ወደ ታች ይጫነዋል። ከዚያ «አሁን ብወጋህ ወዴት ትሸሻለህ?» ይለዋል። መሸሻ እንደሌለው ሰውየው ራሱ ሲገባው «ቀጥል» ብሎት ወደ ሌላው ይሄዳል።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ። ሱቄና የእሱ አዳራሽ በአንድ ግድግዳ ነው የሚገናኙት። አዳራሹ የክር መጋዘን በነበረበት ዘመን ዕቃ ይቀባበሉባት የነበረች መስኮት ግድግዳው ላይ አለች። የስፖርተኞቹን ነጭ ጃኬት የምሰፋውም የምጠግነውም እኔ ስለሆንኩ አልደፈንናትም። አሁን የማወራውን አብዛኛውን በዚያች መስኮት፣ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ ያየሁት ነው።

ወንድሜ ሻሞላን የተማረው ወታደር ቤት ነው። ኳስ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ቦክስ ሞክሮ አፍንጫው ጠሞ ቀረ። ለመኮንኖች ሻሞላ የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ ሻምበል ነበሩ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ከኋላቸው መጥቶ ሳይሰሙት ደረሰባቸውና ደነገጡ። «አንተ ስትራመድ ድምፅ የለህም» ብለው በዚያው ወሰዱት። ከወታደር ቤት ሲወጣ ሻሞላ አስተምራለሁ አለ። አባታችን ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲያዳምጠው ቆየና «መቼ ያለቀ ጦርነት ልትዋጋ ነው?» አለው። ወንድሜ አልተቀየመም። መጥረጊያ ተበድሮ መጋዘኑን ሊጠርግ ሄደ።

መጀመሪያ የመጡት ጎረምሶች ሲኒማ ያዩትን ሊሠሩ ነበር የመጡት። እሱ ግን ለወራት ብረት አያስነካቸውም። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፤ እግር ብቻ። «ሻሞላ ልንማር መጥተን የሙሽራ አጃቢ ሆንን» እያሉ ግማሾቹ ተዉት። የጸኑትን ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚችላቸው ጠፋ። ብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ ከክር መጋዘን የወጡ ሆኑ። ከሌላ ከተማ የሚመጡ አሰልጣኞች ግድግዳ ተደግፈው ሲያዩት ይውሉና፣ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እነሱም ልጆቹን እግር ብቻ ማሠራት ጀመሩ።

በዚያ መሀል አገባ። ሚስቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ እኔ እትዬ ነው የምላት። አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ አባቱን በምንም አልወጣም። ጨዋታ ይወዳል፣ ሳቁ ከአዳራሹ ማዶ ይሰማል፣ የበጠሰውን የጃኬት ቁልፍ በመስኮቷ አሾልኮ «አክስቴ፣ አባዬ ሳያይ ይቺን ትከያት» ይለኛል። ሻሞላውም መካከለኛ ነበር። ወንድሜ ያውቃል፤ አንድም ቀን ተናዶበት አላየሁም። «እሱ የሚመጣው ጓደኞቹን ሊያይ ነው» ይል ነበር።

ከጓደኞቹ ዋነኛው «ቀጭኑ» የምንለው ልጅ ነበር። የዳቦ መኪና ሹፌር ልጅ ነው። ስለካው ጃኬት ሳይሆን ለጃንጥላ ሽፋን የምሰፋ ይመስለኝ ነበር። ግን ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የኖረው እጅ የነበረው እሱ ጋ ነው። ሁለቱ ልጆች አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። ቀጭኑ በወንድሜ ቤት ከልጁ ጋር አንድ አልጋ ላይ ያደረበት ቀን ብዙ ነው። ሁለቱም ሃያ አልሞላቸውም ነበር።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የወንድሜ ልጅ የጭምብሉ ማሰሪያ ተበጥሶ እኔ ጋ ትቶት ነበር፤ እስክሰፋለት አልጠበቀም። የአባቱ የወታደር ቤት ጭምብል ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነበርና አውርዶ አጠለቀው። እንዲያውም በመስኮቷ በኩል አንገቱን ቀብረር አድርጎ «ሻምበል መሰልኩ?» አለኝ። «ቀበሮ መሰልክ» አልኩት። ስቆ ሄደ።

ከቀጭኑ ጋር ገጠሙ። ወንድሜ አዳራሹ ሌላ ጥግ ላይ የአንዲት ጀማሪ እግር እያስተካከለ ነበር። የሻሞላ ብረት መሰበር ብርቅ አይደለም፤ በየሳምንቱ ይሰበራል፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ይላል፣ ሁለቱም ቆመው ይስቃሉ፣ ሌላ ይመጣል። ያን ቀንም ቀጭ አለ። ቀጭኑ ግን ሰውነቱን ወርውሮ እየወጋ ስለነበር ራሱን መግታት አልቻለም። የተሰበረው ጫፍ ጭምብሉን ከዓይን በላይ አገኘው። የጭምብሉ የሽቦ ወንፊት እዚያ ጋ ዝጎ ኖሯል።

የወንድሜ ልጅ ትንሽ ቆመ። ከዚያ እንደደከመው ሰው ቁጭ አለ።

ወንድሜ መጣ። አልሮጠም፤ እኔ ግን እንዴት ከዚያ ጥግ በዚያ ፍጥነት እንደደረሰ እስካሁን አይገባኝም። «ማንም ጭምብሉን እንዳይነካ» አለ። ድምፁ የሁልጊዜ ድምፁ ነው። ልጁን ደረቱ ላይ አስደግፎ አምቡላንስ እስኪመጣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀጭኑ የተሰበረውን ሻሞላ እንደያዘ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ሐኪሟ ቆቧን እያወለቀች ወጣች። ከመናገሯ በፊት እትዬ ገባት። ወንድሜ ግን እስክትጨርስ አዳመጣትና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል» አላት።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። ወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚመጣው ሁሉ ይነሳል፣ ይጨብጣል፣ ይቀመጣል። አላለቀሰም። እኔ ራሴ ቢያለቅስ ይሻለው ነበር ብዬ፣ ጠጋ ብዬ «ወንድም ጋሼ፣ ይውጣልህ እንጂ» አልኩት። አየኝና «ምኑ?» አለኝ። የጠየቀኝ እውነቱን ነው። ምን እንዲወጣ እንደፈለግሁ አልገባውም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ተነስቶ ልብሱን ለበሰ። እኔም ተከተልኩት። እግሩ በቀጥታ የወሰደው ወደ ዳቦ ሹፌሩ ቤት ነው። የቀጭኑ እናት በሩን ከፍታ ስታየው ክው ብላ ቀረች። እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ ይዞ አነሳት።

«ልጁ አለ?» አላት።

«አለ… ከዚያ ቀን ወዲህ ከአልጋ አልወረደም።»

ገባና አልጋው ራስጌ ቆመ። ቀጭኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

«ተነስ» አለው። «ማክሰኞ ነው።»

ቀጭኑ እንዴት እንደተነሳ፣ እንዴት ጫማውን እንዳሰረ አላውቅም። ሦስታችን በእግራችን አዳራሹ ድረስ ሄድን። ያን ቀን ብረት አልያዙም። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት። ከመስኮቷ ማዶ ሆኜ ስሰማ የሁለቱ ጫማ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ «ቁም» የምትለዋን ቃል ተዋት። ማቆም ሲፈልግ እጁን ያነሳል። በኋላ የመጡት ልጆች ስሙ ከየት እንደወጣ አያውቁም ነበር።

ቀጭኑን መመለሱን ለእትዬ የነገራት ጎረቤት ነው። ማታ ራት ላይ ጠየቀችው፤ እኔም ነበርኩ።

«ያንን ልጅ መልሰህ ሻሞላ ልታስይዘው ነው?»

«አዎ።»

«በዚያው እጁ?»

«በሌላው አይችልም» አላት።

ለክፋት አልነበረም። ግን ከአፉ ሲወጣ እኔም ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እትዬ ሳህኖቹን ሰበሰበች። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ እህቷ ወዳለችበት ከተማ ዝውውር ጠየቀች። ጭቅጭቅ የለ፣ ፍቺ የለ። ሻንጣዋን አውቶቡስ ተራ ድረስ የተሸከመላት እሱ ነው። መስኮት ዳር ቦታ ይዞላት፣ እስኪነሳ ቆሞ፣ ተመለሰ። ወደ ሱቄ ብቅ ብሎ «ሄደች» አለኝ፤ «ዝናቡ ቆመ» እንደሚል ሰው።

እንግዲህ ትልቅ ሰው የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ፖሊስ ጉዳዩን አደጋ ብሎ ሲዘጋ ጭምብሉን መለሰለት። ቶርኖ ቤት ሄዶ ጫፏ ሹል፣ ውስጧ ስፕሪንግ ያላት አንዲት መውጊያ አሠራ። ጠዋት ማንም ሳይመጣ የእያንዳንዱን ጭምብል ወንፊት በእሷ እየተጫነ ያያል። ጥቂት እንኳ ገባ ካለ መሬት ጥሎ በእግሩ ይጨፈልቀዋል። የተጨፈለቀው ክምር ጓሮ ላይ እያደገ ሄደ። አንዳንዱ አሰልጣኝ ጋሽ ቁም አእምሮው ተነካ አለ።

የፌዴሬሽኑ ስብሰባ ላይ ይህ ምርመራ በየአዳራሹ ይሁን ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበሩ፤ «ይህን ሁሉ ጭምብል ከጣልን በምን እንጫወታለን?» አሉት። «አንጫወት» አላቸው። ከዚያ ከቦርሳው ያንን ጭምብል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገና «ጣትዎን ያስገቡበት» አላቸው። ሰብሳቢው ሳያስቡት አስገቡ። የት እንዳስገቡት ሲገባቸው እጃቸውን መልሰው ጉያቸው ውስጥ አደረጉ። ደንቡ በዚያው ስብሰባ ጸደቀ። ይህን ያወሩልኝ ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው፤ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው።

ደንቡ ወደ ጎረቤት አገሮች ተሻገረ። አሰልጣኞችን አሠልጥንልን እያሉ ይጠሩት ጀመር። በየዓመቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ሜዳሊያ አጥልቀውለት የተነሳውን ፎቶ ሳይና ለመታወቂያ የተነሳውን ሳይ ፊቱ አንድ ነው። ቤቱ ምግብ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሾርባው ውስጥ ጨው ረስቼ ሱቅ ስደርስ ትዝ አለኝ፤ ተመልሼ ብሄድ ጨርሶታል። «እንዴት በላኸው?» ብለው «ምን ነበረው?» አለኝ።

ቀጭኑ ደግሞ በእሱ እጅ አደገ። ግን አንድ ነገር ነበር። በእነሱ ዓይነት ሻሞላ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የትም ቢነካ ነጥብ ነው። ቀጭኑ ክንድ ይነካል፣ ደረት ይነካል፣ ጉልበትና የእግር ጣት ሳይቀር ይነካል፤ ጭምብል ግን አይነካም። የተጋጣሚው ራስ ከፊቱ ተገትሮ እያየው ብረቱን ዝቅ ያደርጋል። ለጥቂት ዓመት ማንም ልብ አላለውም። ኋላ ግን ተጋጣሚዎቹ ነቁበት፤ ራሳቸውን እንደ ጋሻ ወደፊት እያስቀደሙ ይገቡበት ጀመር። በተከታታይ ተሸነፈ።

ወንድሜ ስለዚህ ነገር ተናግሮት አያውቅም ነበር። የአህጉሩ ሻምፒዮና ሲቃረብ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሎቹን ሁሉ አሰናበተ። ከተመረመሩት ጭምብሎች አንዱን አጠለቀ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረና በሚገጥሙበት ጠባብ መስመር ላይ ቀጭኑ ፊት ቆመ። ሻሞላ አልያዘም።

«ምታኝ» አለው።

«የት?»

«የማትመታው ቦታ።»

ፔዳሉ ላይ የነበረው እግሬ ቆመ። ቆዩ፣ ቆዩ። ቀጭኑ ብረቱን ያነሳል፣ ያወርዳል። በመጨረሻ «ጋሼ፣ አልችልም» አለ። ወንድሜ ጭምብሉን አወለቀና «ነገ» ብሎ ወጣ።

በነጋታው እንደዚያው ሆነ። ከዚያ በኋላም። ሳምንታት ሄዱ። እኔ ከሰዓት በኋላ ሲሆን መስኮቷ ላይ ጨርቅ መስቀል ጀምሬ ነበር፤ ማየት አቃተኝ። ስለዚህ የሆነ ዕለት መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ብረት ወንፊት ሲነካ ቲክ የምትል ትንሽ ድምፅ። ጨርቁን ገለጥኩት። የቀጭኑ ሻሞላ ከወንድሜ ግንባር ላይ እንደ ቀስት ጎብጦ ነበር።

«ክርንህ ተነሳ» አለ ወንድሜ። «እንደገና።»

ቲክ።

«አሁንም ተነሳ። እንደገና።»

ቲክ። ቲክ። ቀጭኑ ጭምብሉ ውስጥ እየተንሰቀሰቀ ነበር፤ ትከሻው ሲዘል ይታየኛል። ወንድሜ አልተነቃነቀም። ዓይኑን ጨፍኖ ይሁን ገልጦ ወንፊቱ አያሳይም። ክርኑ ዝቅ እስኪል አስመታው። ሲስተካከል «ይበቃል፤ ውሃ ጠጣ» አለውና ጭምብሉን አውልቆ፣ በዚያች መውጊያ መርምሮ፣ ቦታው ሰቀለው። ወደ መስኮቷ መጥቶ ላብ መጥረጊያ ፎጣ ጠየቀኝ። ስሰጠው እጁን ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር። እስክለቀው ድረስ ተወልኝ።

ለሻምፒዮናው ልብስ ጠጋኝ ሆኜ ከቡድኑ ጋር ሄድኩ። ቀጭኑ ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ረጅም ሰው ነው፤ ወሬውን ሰምቶ ስለነበር ከመጀመሪያው ራሱን አስቀድሞ ነበር የሚገባው። ቀጭኑ ወደኋላ፣ ወደኋላ ይላል። በዕረፍቷ ደቂቃ ወንድሜ ውሃ አቀበለው። ተመለሱ፤ እኩል ሆኑ፤ አንድ ነጥብ ቀረ። ሰውየው ገባ። ቀጭኑ ክንዱን ዘረጋ፤ ጫፉ የሰውየው ጭምብል መሀል ላይ አረፈ፤ የነጥቡ መብራት በራ። ክርኑ አልተነሳም።

አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ ቀጭኑ ቀድሞ ያደረገው ወደ ተጋጣሚው ሮጦ በሁለት እጁ ጭምብሉን ማውለቅ ነው። የሰውየውን ፊት አየ። ግንባሩን በመዳፉ ዳሰሰው። ሰውየው ግራ ገብቶት እየሳቀ አቀፈው። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያጨበጭብ ነበር፤ ሌላው ሰው ሲያቆም እሱም አቆመ።

ስንመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስታችን ተቀምጠን ነበር። ቀጭኑ ሜዳሊያውን ኪሱ ከቶታል።

«ጋሼ» አለ። «ያኔ ለምን አላባረሩኝም?»

ወንድሜ አሰበ። እውነቱን ፈልጎ ለማግኘት የሚያስብ ሰው ፊት ነበረው።

«አላውቅም» አለ። «ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ የአንተ ተራ ነበር። ሌላ የማደርገው ነገር አላወቅኩም።»

«ይጠሉኛል ብዬ ነበር።»

«ጠብቄ ነበር፤ ጥላቻውም ይመጣል ብዬ» አለ ወንድሜ። «አልመጣም። ምንም አልመጣም።»

ቀጭኑ ራሱን ነቀነቀ። ያስከፋው አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ትከሻው ወረድ አለ። በረራችን ተጠራና ተነሳን።

ቤት በገባሁ ማግስት ስልኬ ጮኸ። እትዬ ነበረች። ከሄደች ወዲህ በዓመት አንዴ ሁለቴ ትደውልልኝ ነበር፤ ስለ እሱ ግን አንስታ አታውቅም።

«በቴሌቪዥን አየሁት» አለችኝ። «ያ ልጅ የሰውየውን ግንባር ሲዳስስ።»

«አዎ።»

ከዚያ «እሱ ከስቷል» አለች። «ምንድን ነው የምታበዪው?»

«የሰጠሁትን ይበላል፤ ጨው ባይኖረውም» አልኳት። ያን ዓመት ከሥራ ጡረታ ወጥታ ነበር። ወር ሳይሞላ አንዲት ሻንጣ ይዛ መጣች። እሱ በሩን ከፈተላት፣ ሻንጣውን ተቀበላት፣ «ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» አላት። የልጃቸው ክፍል ገባች። የምታድረው እዚያ ነው። አብረው ይበላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ወጣ ብለው ይሄዳሉ፤ ብዙ ሲነጋገሩ አላይም። ታርቀው እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ መጀመሪያም አልተጣሉም።

ወንድሜ አዳራሹን ለቀጭኑ ሰጠው። አሁን እሱ ነው የሚያስተምረው፤ እኔም አሁንም ጃኬት እሰፋለሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት እሑድ ምሳ እነሱ ዘንድ ነበርኩ። በር ተንኳኳ፤ ቀጭኑ የአዳራሹን ቁልፍ ቅጂ ሊወስድ ነው የመጣው። የከፈተችለት እትዬ ናት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ደፉ ላይ እንዳለ አንገቱን ደፋ። እሷም ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምሳ አልበላህም» አለችው። ጥያቄ አልነበረም። ወንበር ሳበችለት።

መጀመሪያ የሹካ ድምፅ ብቻ ነበር። ኋላ ምን እንዳመጣው እንጃ፣ ቀጭኑ ሳህኑን እያየ አንድ ነገር ጀመረ። እሱና የወንድሜ ልጅ አንድ ጊዜ ለግጥሚያ ሲሄዱ አውቶቡሱ ተበላሽቶ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ነጩን ልብስ እንደለበሱ፣ ጭምብላቸውን እንዳንጠለጠሉ ሲሄዱ አንዲት ሴትዮ ሮጣ መጥታ ንብ አርቢዎች መስለዋት «ጣሪያዬ ሥር የንብ መንጋ ገብቶብኛል» ትላቸዋለች።

«እኔ ‹አይደለንም› ልል ስል» አለ ቀጭኑ፣ «እሱ ቀደም ብሎ ‹መሰላል አለዎት?› አላት።»

እትዬ ሳቋ አመለጣት። እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ግን አልቆመላትም።

«ወጣ?» አለች።

«ወጣ እንጂ። በጓንቱ እየዛቀ ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። ሴትዮዋ ስትመርቀው፣ ምስጋናውን ልቀበል ብሎ ጭምብሉን ገለጠ። አንዷ አፍንጫው ላይ ነደፈችው። ለጋሼ ‹በር ገጨኝ› ነው ያላቸው።»

ወንድሜ ሹካውን አስቀመጠ። ልጁ ከሞተ ወዲህ ስለ ልጁ አንዲት ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

«አብጦ ነበር» አለ። ድምፁ የሁልጊዜ ድምፁ አልነበረም። «ቅባት ቀብቼለታለሁ።»

እትዬ ጭልፋውን አንስታ ድንች ጨመረችለት። ጥቂት ቆየና ቀና ብሎ ቀጭኑን «ሴትዮዋ የት ሰፈር ናት?» አለው፤ ቀጭኑም መንገዱን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየሳለ ያሳየው ጀመር።